ወግ አጥባቂና ወግ ጠባቂ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ባህል፣ ትውፊትና የዘመኑ ፖለቲካ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ርእስ ተናጋሪውን ቢያስከብርም አድማጩን እምብዛም አይጠቅምም፤ ሁሉን እናገራለሁ ያለ ሰው አንዱንም ሳይጨርስ ጊዜው ያልቅበታልና። ስለዚህ በእናንተ ፈቃድ ጉዳዩን ይዤ ወደ አንዲት የቆላ ከተማ ልውረድ። ከተማይቱ ሐራ ናት።

ሐራ በሰሜን ወሎ በጉባ ላፍቶ ወረዳ፣ ከወልድያ በስተምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ አፋር ሜዳ በሚዘልቅበት ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ማሽላ የሚዘራበት፣ ከብት የሚረባበት፣ ደገኛውና ቆለኛው በገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። ከቅርብ ዓመታት በፊት ስሟን ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያውቀው ብዙ አልነበረም። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት የሚጓዘው የባቡር ሐዲድ መድረሻው «ሐራ ገበያ» በመባሉ፣ ስሟ በመሐንዲሶች ካርታና በመንግሥት መግለጫ ላይ ሊሰፍር ቻለ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ወደ ወሎ ሲዘልቅ ግን ባቡሩ መደበኛ አገልግሎት ገና አልጀመረም ነበር። የዛሬው ንግግሬ ስለ ባቡር አይደለም፤ ቢሆንም ሐዲዱን አንድ ጊዜ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። ለአሮጌው ነገር የሚቆረቆረውን ሰው በአማርኛ «ወግ አጥባቂ» እንለዋለን። ይህን ስም ለራሱ ያወጣ ሰው በአገራችን አላጋጠመኝም፤ ሁልጊዜ አንዱ በሌላው ላይ የሚለጥፈው ስም ነው። በወጣትነታችን ዘመን ደግሞ ከዚህ የከፋ «አድኃሪ» የሚል ነበረ፤ በዚያ ስም የተጠራ ሰው ከስሙ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉን ልብ ብሎ ለመረመረው ሁለት ዐይነት ሰዎች ይታዩታል። አንዱ ወግን የሚያጠብቅ ነው፤ እንደ ጭነት ገመድ እየሳበ ቋጠሮውን የሚያከር። ሌላው ወግን የሚጠብቅ ነው፤ እንደ እረኛ መንጋው ሲሄድ እየተከተለ፣ ሲቆም አብሮ እየቆመ፣ ከገደል የሚመልስ። በጽሕፈት ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት «አ» ናት፤ በተግባር ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። እኛም በሙያችን «ጠበቃ» የተባልነው ከሁለተኛው ወገን ነው። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ነው። የምፈራውም መንግሥት በደግ ልብ ተነሥቶ በሐራና በመሰሏ አገሮች ላይ የመጀመሪያውን ሰው ሥራ እንዳይሠራ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከዘመቱት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበርሁ፤ ምድቤም በዚያን ጊዜ አጠራር በየጁ አውራጃ ቆላ ነበረ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን ወጥቶ፣ በ800 ሄክታር አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ተብሎ፣ ለየማኅበሩም የፍርድ ሸንጎ ይመረጥ ነበር። ሥራውን በሙሉ ልባችን ሠርተነዋል፤ ዛሬም ቢሆን ጭሰኛውን ከባለመሬት ማላቀቃችን አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከዋርካ ሥር ተቀምጠው የነፍስ ጉዳይ ይዘው ወደ ነበሩ ሽማግሎች ሄጄ፣ ከእንግዲህ ሙግት የሚሰማው ሸንጎው መሆኑን፣ የእነርሱ ጉባኤ የባላባት ሥርዐት ቅሪት መሆኑን፣ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ባልሞላው አንደበቴ አስረዳኋቸው። መካከላቸው የነበሩት አንድ ሼህ አልተቆጡኝም። «ይሁን ልጄ፤ ሸንጎው የተዘረፈውን ከብት ያስመልስ። እኛ ደግሞ የሟቹን እናት እናነጋግራለን» አሉኝ።

በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «አድኃሪ አስተሳሰብ» ብዬ ጻፍሁት። ሼሁ ምን ማለታቸው እንደ ነበረ የገባኝ በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ከኖርሁ በኋላ ነው።

ነፍስ በጠፋ ጊዜ በዚያ አገር የሚሆነውን ለማያውቁ ባልደረቦች በአጭሩ ላስረዳ። በወሎ ቆላማ ወረዳዎች «አበጋር» የሚባሉ፣ ሹመታቸውን ከማንም መንግሥት ያልተቀበሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ክብር የሚታወቁ አስታራቂዎች አሉ። ነገሩ እንደ ተሰማ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፍርድ መስጠት አይደለም፤ ቀን መለመን ነው። የገዳዩ ወገን ከመንገዱና ከገበያው ዘወር እንዲል ያደርጋሉ፤ የሟቹ ወገን እንዳያየው፣ አይቶም እንዳይቆጣ። ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ ይባረራሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ፤ አሁንም ይባረራሉ። መባረሩ የሥርዐቱ አካል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ሐዘንተኛ ሟቹን እንዳቃለለ ይቆጠራልና። ውሎ አድሮ መሣሪያ ላለማንሣት ቃል ይገባል። ከዚያ በኋላ የደሙ ካሳ ይወሰናል። ካሳውን ገዳዩ ብቻ አይከፍለውም፤ ወገኑ ሁሉ ያዋጣል። በዚህም ምክንያት በሚቀጥለው ጊዜ ጎረምሳው ሽጉጥ ሲያነሣ እጁን የሚይዙት የገዛ አጎቶቹ ናቸው። በእርቁ ቀን ከብት ይታረዳል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ሼኩ ዱዓ ያደርጋል፣ ቄሱም ያሳርጋል፤ ደም ደረቀ ይባላል።

አሁን ይህን ከእኛ ሥራ ጋር አስተያዩት። በወንጀል መዝገብ ላይ ባለጉዳዮች ሁለት ናቸው፤ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ። የሟቹ እናት ከመጣችም ምስክር ሆና ነው የምትመጣው፤ ቃሏን ሰጥታ ትመለሳለች። ተከሳሹ ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት እንበል። መዝገቡ ተዘጋ እንላለን። በሐራ አካባቢ ግን የተዘጋ ነገር የለም፤ እስረኛው በተፈታበት ቀን የሟቹ ታናሽ ወንድም ለአካለ መጠን ደርሶ ይጠብቀዋል። ሸንጎው ከብቱን ያስመልስ፣ እኛ እናቲቱን እናነጋግራለን ማለት ይህ ነበር። ሼሁ የመንግሥትን ሥራ አልናቁም፤ የመንግሥት እጅ የማይደርስበትን ሥራ ለይተው አሳዩኝ እንጂ።

ይህንን ሁሉ የሚያጸናው ፖሊስ አይደለም፤ ቅሬ ነው። ሌላው ኢትዮጵያ ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ብዙ ቦታ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይታቀፋሉ፤ አንዱ ለሌላው መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል። የሽማግሎችን ቃል ያፈረሰ ሰው ከቅሬ ይወጣል፤ ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፣ ቡና አይጠራውም፣ ሲሞትም የሚቀብረው ያጣል። በእኛ መዝገብ ቅጣት ተብሎ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከእስራት ይልቅ የሚፈራ ቅጣት ነው። በምሥራቅ በኩል ከአፋር ጎረቤቱ ጋር በግጦሽና በውሃ ሲጋጭም እንዲሁ ነው። አፋሮች «መዳዓ» የሚሉት የራሳቸው የልማድ ሕግ አላቸው። የሁለት ክልሎች ወሰን ለፖሊስ መዝገብ ግድግዳ ቢሆንም ለሁለቱ ወገን ሽማግሎች መሻገሪያ ነው።

ይህን ያህል ካመሰገንሁ በኋላ ሁሉም ከጥንት እንደ ነበረ የኖረ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የወሎ ወግ የጥንት ሐውልት አይደለም፤ በግፍ መካከል የተበጀ ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን እስላሞች በግድ ክርስትና ለማስነሣት ተነሡ። ኢማም መሐመድ ዓሊ የነበሩት ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ከሕዝቡ የተጠመቀው ተጠመቀ፣ የሸሸው ሸሸ፣ የሸፈተው ሸፈተ። መንግሥት ባህልን በዐዋጅ ሊቀርጽ ሲነሣ የመጀመሪያው ደርግ አልነበረም ማለት ነው። አንዱ ወንድም ወደ መስጊድ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ቤት ውስጥ ግን ሰው አብሮ መብላት፣ መጋባትና መቀባበር ነበረበት። ሼኩና ቄሱ በአንድ ጉባኤ የሚቀመጡበት ወግ ነገሥታቱ ያወጁት ሳይሆን፣ ነገሥታቱ የቀደዱትን ሕዝቡ የሰፋበት ነው።

የአገራችን ወግ ጠባቂ ሊቃውንት ይህን እምብዛም አላዩም፤ የቤተ መንግሥቱን ትውፊት እንጂ የመንደሩን አልተከራከሩለትም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ሲወስድ፣ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ሲሉ ሲጠይቁ፣ ሐሳቡ የራስን ሳይጥሉ ሥልጣኔን መቀበል ነበር፤ መልካም ሐሳብ። ነገር ግን «የራስ» የተባለው በአመዛኙ ዙፋኑና ሥርዐተ ክብሩ ሆኖ ቀረ። አየርላንዳዊው ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1790 በፈረንሳይ አብዮት ላይ ሲጽፍ፣ ሰው አገሩን መውደድ የሚጀምረው ከተወለደባት ትንሽ ማኅበር መሆኑን አስገንዝቦ ነበር። የእኛዎቹ ከላይ ስለ ጀመሩ፣ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ዙፋኑ ሲወድቅ የሚከራከሩለት ነገር አብሮ ወደቀባቸው። ቅሬው ግን አልወደቀም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ 3,367 አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን የተጻፉም ሆነ የልማድ ደንቦች፣ በግልጽ ካልተጠበቁ በቀር፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሻራቸው። አርቃቂው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በኋላ ሲያስረዱ፣ ኢትዮጵያ የራሷን ሕግ በልምድ ቀስ በቀስ እስክትሠራ ሦስት መቶ ወይም አምስት መቶ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ብለዋል። ለንግድና ለማኅበር ሕግ ይህ እውነት ነበር። ለደምና ለድንበር ግን ሦስት መቶው ዓመት አስቀድሞ ተጠብቆ ነበር፤ ጠባቂዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበርና። ደግሞም ራሱ ሕጉ በፊት ለፊት በር ያባረረውን ልማድ በጓሮ አስገብቶታል፤ የባልና ሚስትን ጠብ የሚያዩ የቤተ ዘመድ ዳኞችን አቁሞ ነበር። እነርሱም በበኩላቸው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣናቸውን አጡ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

ሆኖም አንቀጽ 3347 ሐራን አልጎዳትም። የሻረውን ነገር ሄዶ ለማስቆም እግር አልነበረውም። ወግን ክፉኛ ያቈሰለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ያውም ወግን አስመስሎ የመጣው።

እኛ ዘማቾች ያቋቋምነው የፍርድ ሸንጎ በመጀመሪያ የሽማግሌ ወንበር ይመስል ነበር። ዳኞቹን ገበሬው ራሱ ይመርጣቸዋል፤ ቅርብ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ በአገር ቋንቋ ይናገራል። ገበሬውም ቀርቦት ነበር። ነገር ግን ያው ማኅበር ግብር ሰብሳቢ ሆነ፤ ቀጥሎም እህል በኮታ አስረካቢ ሆነ፤ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ሲወጣ ደግሞ ልጅ መልማይ ሆነ። በጥዋት የድንበር ጠብ ያስታረቀ ሊቀ መንበር በማታ የጎረቤቱን ልጅ ለጦር ሜዳ የሚለቅም ከሆነ፣ ከእንግዲህ ማን ምስጢሩን ይነግረዋል? ሸንጎው በማንም አልተሻረም፤ ሰው ዝም ብሎ ተወው። ሽማግሎቹ ወደ ጓዳ ገብተው በሌሊት ማስታረቅ ቀጠሉ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር በተያያዘ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሰፈራ ተወሰደ፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው ከወሎ ነበር። መሬቱ ሌላ፣ ዝናሙ ሌላ፣ ጎረቤቱ ሌላ በሆነበት አገር ላይ ወሎዬው ምን ተከለ? የሰፈራ መንደሮችን ያጠኑት አሉላ ፓንክረስት እንደ መዘገቡት፣ ከመንግሥት አደረጃጀት ጎን ቅሬውን እንደ ገና አቋቋመ። የቅሬ ዳኛ እንዲሾም ከላይ የታዘዘ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ስለ ባህል ጽናት ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ ይህ አንድ ነገር ያሳምነኛል።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ቋንቋው ተለወጠ። አንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎች ፈቃድ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ በሩን ከፈተ፤ አንቀጽ 78(5) የባህል ፍርድ ቤቶችን ማቋቋም ወይም ዕውቅና መስጠት እንደሚቻል ደነገገ፤ አንቀጽ 9(1) ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ልማድ ተፈጻሚነት እንደሌለው አስጠነቀቀ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የነፍስ ጉዳይ የለም። በሐራ ሽማግሌ የሚበልጠውን ጊዜውን የሚያጠፋው ግን በነፍስ ጉዳይ ላይ ነው። ስለዚህ ሁላችንም እንደምናውቀው አንድ ዐይነት ሽርክና ተፈጠረ፤ እርቅ ከተደረገ በኋላ ምስክሮች ይጠፋሉ ወይም ይረሳሉ፣ ዐቃቤ ሕጉም መዝገቡን በማስረጃ እጥረት ይዘጋል። ይህን ያልታዘበ ጠበቃ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያንሣ።

ስለ ሐዲዱ እንደምመለስ ተናግሬ ነበር። በዐዋጅ ቁጥር 455/1997 ስሌት መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለው ነበር። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ መሬቱ ግን የመጣው በሦስት ትውልድ ነው። ያገባች እኅት፣ የተፈታች ሚስት፣ ከተማ የገባ ወንድም፣ ሁሉም ድርሻ አለኝ ይላል። ፍርድ ቤት ድርሻቸውን ያከፋፍላቸዋል፤ ሥራው ያ ነውና። ተካፍለው ሲያበቁ በአንድ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ የሚያደርጋቸው ግን ሌላ ሰው ነው። ልማት በሄደበት ሁሉ የሽማግሌ ሥራ ይበዛል እንጂ አይቀንስም፤ ይህን የልማት ዕቅድ አውጪዎች በሒሳባቸው ውስጥ ሲያስገቡት አላየሁም።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ አቆሙ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭቱ ሰፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። መሣሪያ በየቤቱ ገባ። ነፍስ የጠፋበት ቤት በዛ፤ ብዙውም ፍርድ ቤት የሚያውቀው አይደለም።

ከዚህም የተነሣ በመካከላችን አንድ ሐሳብ እየጎላ መጥቷል። የኦሮሚያ ክልል በዐዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን እንዳቋቋመ ሁሉ፣ በእኛም ዘንድ አበጋሮችና የአገር ሽማግሎች ተመዝግበው፣ ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ መታወቂያና ማኅተም ተቀብለው፣ አበልም ታስቦላቸው ይሥሩ የሚል ነው። ሐሳቡን የሚያቀርቡት ባልደረቦቼ ወግ አክባሪዎች ናቸው፤ ወግን ለማዳን ብለው ነው። እኔም ወግ አክባሪ ስለ ሆንሁ ነው የምቃወማቸው። ኦሮሚያ የገዳን ሥርዐት የመሰለ፣ ሹመትና ዘመን የተወሰነበት አሮጌ ተቋም ከጀርባው አለው፤ እዚያ የሚሠራው እዚህ ይሠራል ማለት አይቻልም። የሐራ ሽማግሌ ኃይሉ ከማንም አለመላኩ ነው። ሐዘንተኛው ሦስት ጊዜ ሊያባርረው የሚችለው፣ በአራተኛው ሊቀበለው የሚችለውም፣ በኪሱ ማኅተም ስለ ሌለው ነው። ማኅተም የያዘውን ማባረር ወንጀል ይሆናል፤ መቀበሉም እርቅ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ መፈጸም ይሆናል። የተመዘገበ ስም ደግሞ ጠመንጃ ለያዘ ለማንኛውም ወገን የስም ዝርዝር ነው። ዛሬ አንዱ ወገን «የእነርሱ ሽማግሌ» ብሎ ይጠራጠረዋል፤ ነገ ሌላው። የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ እንዴት እንደ ሞተ ያየ ሰው ይህን ሁለተኛ ጊዜ ሲደረግ ዝም ብሎ ማየት የለበትም።

በአጎራባቹ በሐብሩ ወረዳ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማዕከሉ ለቆላው ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ያቀርባል። ገበሬው ዘሩን ይወስዳል፤ ነገር ግን ቀርፋፋውን የአገር ማሽላ፣ ደጋሊትንና ጂጉርቲን፣ ከጎተራው አያወጣም። የበልግ ዝናም ከጣለ የአገሩን ዘር አስቀድሞ ይዘራል፤ ዝናሙ ከከዳው አፍርሶ ቶሎ ደራሹን ይዘራል። ማንም «ወግ አጥባቂ» ብሎ አልሰደበውም። የምርምር ባለሙያውም የአገሩን ዘር ተረክቦ በመንግሥት ጎተራ ካልቈለፍሁበት አላለም።

አሁን በእኔ ወገን ላይ ያለውን ጉድለት ልናገር፤ ካልተናገርሁት ሌላው ይናገርብኛል። በዋርካው ሥር ሴት አትቀመጥም። ባለ እጁ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው፣ ቃሉ ከሌላው እኩል ተመዝኖ አያውቅም። በጠለፋ ጉዳይ ሽማግሌ «ነገሩ በጋብቻ ይለቅ» ብሎ ስንቷን ልጅ ለጠላፊዋ አስረክቧል። በዚህ ላይ ግን ዘመናዊው ሕግ እጁን ታጥቦ መቀመጥ አይችልም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር፤ ሽማግሌውና ሕጉ በዚህ ተስማምተው ኖረዋል። ይህ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ እርሱም ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ይህን ያስቀረው ዋርካው አይደለም። የሴቶች ማኅበራትና የሕግ ባለሙያዎች ታግለው ያስቀሩት ነው፤ ክብሩ የእነርሱ ነው። ስለዚህ ወግን የሚጠብቅ ሰው በሁለት በኩል ንቁ መሆን አለበት፤ ከመንግሥት እቅፍ ይጠብቀዋል፣ ከገዛ ግፉም ይጠብቀዋል። መንጋውን የሚጠብቅ እረኛ መካከሉ ያለውን ተናካሽ በሬ አያውቀውም አይባልም።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። የማቀርበው ትንሽ ነገር ነው። ሽማግሌውን አንመዝግበው፤ የሠራውን ሥራ ግን ፍርድ ቤቱ ይየው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ይከሰስ፣ ይፈረድበት፤ ይህ የመንግሥት ግዴታ ነው፣ ለእርቅም አይለወጥም። ነገር ግን ካሳ ከተከፈለና እርቁ በእውነት ከተፈጸመ፣ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 82 ጸጸትንና የበደለውን መካስን ቅጣት ማቅለያ ስለሚያደርግ፣ ዳኛው ይህን በግልጽ መዝኖ በፍርዱ ላይ ይጻፈው። ያን ጊዜ ምስክር የሚጠፋበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ዐቃቤ ሕጉም በማስረጃ እጥረት ስም ከመሸሸግ ይድናል። ጠለፋ፣ አስገድዶ መድፈርና በልጅ ላይ የተሠራ ወንጀል ግን በዚህ መንገድ አይግባ፤ እዚያ ላይ እርቅ ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ ለተበዳይዋ ሁለተኛ በደል ነውና። አበልም አይከፈል። ለአስታራቂ የሚገባው ቡና ነው፤ እርሱም ከታራቂዎቹ ቤት ይፈላ።

እርቁ መፈጸሙን ለፍርድ ቤት የሚያስረዳው ማን ነው የሚል ጥያቄ አስቀድሞ በጽሑፍ ደርሶኛል። ጠያቂው፣ ሽማግሌው ራሱ ቀርቦ ይመስክር ካልን በጓሮ በር ያው ሹመት ሆኖ ይመጣል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። እኔ የምለው፣ ሽማግሌው ፍርድ ቤት አይምጣ፤ የሟቹ ቤተ ሰብ ይምጡ። ከእነርሱም እናቲቱ ወይም ሚስቲቱ ካለች አስቀድማ ትጠየቅ፤ ለብቻዋ፣ ወንድሞቿና የባሏ ወገኖች በሌሉበት። ታርቄአለሁ ካለች ቃሏ ከነስሟ በመዝገቡ ይጻፍ፤ አልታረቅሁም ካለችም እንዲሁ ይጻፍ።